እግዚአብሔር ቢፈቅድ የሚከፈል ዕዳ

ሠላሳ ሁለት ዓመት ነቀምቴ ውስጥ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ወረቀት በሦስት መስመር ጽፎ ይገላገለው ነበር። እኔ ግን ሰነድ ጻፊ ብባል ድርሰት ጻፍኩ፤ በድርሰቴም የአንዲት ሴት እንጀራ ሊዘጋ ነበር።

ሴትየዋ ባኬ ጃማ ካለው ቤቴ የመንገድ ዳሯን ክፍል ተከራይታ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ናት። በተለይ የመዘምራን ልብስ ትሰፋለች። ይህ በእኛ ከተማ ትልቅ ገበያ ነው። በየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ሁለትና ሦስት ኳየር አለ፤ እያንዳንዱ ኳየር በልብስ እንዳይበለጥ ሳይጸልይ አይቀርም። እሷም የወንጌል አማኝ ናት፤ ስትሰፋ ታዜማለች። እኔ አያቴ ከጎጃም የመጣ፣ ኦርቶዶክስ፣ ጠዋት ጠዋት ኮስታራ የሆንኩ ሴት ነኝ። በአሥር ዓመት ጉርብትናችን በሃይማኖት ተጣልተን አናውቅም፤ የምንጣላው በመብራት ቆጣሪ ነው።

ባለዕዳው የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ የእሷው ቤተ ክርስቲያን ምእመን። ሚስማር በኪሎ ሲመዝን እንኳ በጌታ ስም ይጀምራል፤ ሚዛኑን የሚያስተካክለው ግን ራሱ ነው። አንድ እሑድ መድረክ ላይ ወጥቶ አርባውን መዘምራን አዲስ ልብስ እንደሚያለብስ ተናገረ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት፤ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ጭነው ባረኩት። ሰኞ ጠዋት መኪናውን በራፌ ላይ አቁሞ ከልብስ ሰፊዋ ጋር በዋጋ ሲጨቃጨቅ ሰማሁት። ሩቡን ቀብድ ሰጣት። እሷም ጨርቁን ከአንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በዱቤ አመጣች፤ ለዱቤው መያዣ ያደረገችው ኦቨርሎኳን ነበር።

ኦቨርሎክ ማለት የጨርቅ ጠርዝ እየቆረጠ፣ በክር እየጠቀለለ የሚሰፋ ማሽን ነው። ያለ እሱ የተሰፋ ልብስ ሁለቴ ሲታጠብ ይተረተራል፤ የሚተረተር ልብስ የሰፋች ሴት ደግሞ በእኛ ከተማ ሁለተኛ ሥራ አትጠራም። ልብስ ሰፊዋ ይህን ማሽን የገዛችው ስንት ዓመት ዕቁብ ጥላ ነው። ማታ ስትዘጋ እንደ ሕፃን አልብሳው ነው የምትሄደው።

ልብሱ ለገና ደረሰ። ወይን ጠጅ ቀለም፣ ሰፊ እጅጌ፣ አንገቱ ላይ ወርቃማ ጥለት። ነጋዴው አርባውንም በጆንያ አስጭኖ ሲያበቃ ቀሪው ገንዘብ ለጊዜው እንዳልተመቸው፣ በሚያዝያ መጨረሻ አጠቃሎ እንደሚከፍል ነገራት። እሷ እሺ አለች። እኔ ግን ከጓሮ መጣሁና በወረቀት ይሁን አልኩ። ሟቹ ባለቤቴ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት ከእሱ ጋር ኖሬ ሕግ የተማርኩ መስሎኝ ነበር።

ጻፍኩት። ቋንቋው ያማረ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው አላፍርበትም። ሰውዬው አነበበና አንድ ነገር ጎደለ አለ፤ እኛ አማኞች ያለ ጌታ ፈቃድ ነገን አንናገርም ብሎ እስክሪብቶ ተቀበለኝ፤ ከ«እከፍላለሁ» በፊት በራሱ እጅ «እግዚአብሄር ቢፈቅድ» ብሎ ጨመረ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ነጋዴ እንዲህ ያለ ጨዋነት በማሳየቱ ደስ አለኝ። ቀጥዬ ከቦርሳዬ ቀይ እስክሪብቶ አውጥቼ «ሄ»ዋን ሰርዤ «ሔ» አደረግኩለት። ፊደሉን አረምኩ፣ ዐረፍተ ነገሩን አሳለፍኩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ተማሪ ስገሥጽበት የኖርኩትን ስሕተት ራሴ ሠራሁት።

ሚያዝያ አለቀ። መልሱ «ቦሩ» ሆነ። ቦሩ በኦሮምኛ ነገ ማለት ነው፤ እሱ አፍ ውስጥ ግን በየትኛውም የዘመን መቁጠሪያ የሌለ ቀን ነው። አንድ ቀን ኔትወርክ የለም፣ አንድ ቀን ባንኩ ጥሬ ገንዘብ የለውም፣ ሌላ ቀን ጊዳ አያና የገዛው በቆሎ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። የመጨረሻዋ አናደደችኝ። ከጊዳ አያና ተፈናቅለው የመጡ፣ በእርግጥ የተረፈ ነገር የሌላቸው ሰዎች እዚሁ ሰፈራችን ተጠግተው ይኖራሉ፤ ስለሱ አንድ ቃል አይተነፍሱም። እሱ በሌላው መከራ ዕዳውን ይሸፍናል። እኔ የማውቀው በቆሎ የለውም፤ ያለው ቆርቆሮ ነው።

የባለቤቴን የንግድ ሕግ መጽሐፍ ከቁም ሣጥን ላይ አወረድኩ። እንደ እኛ ያለው ወረቀት «የተስፋ ሰነድ» ይባላል። ስሙን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት በሕግ ቋንቋ የጻፉት መሰለኝ። ሳቄን ውጬ ቀጠልኩ። ሰነዱ ቀኑ ሲደርስ ለባለዕዳው በአካል መቅረብ አለበት። ካልከፈለ አለመክፈሉ በሹም ፊት በጽሑፍ ይረጋገጣል፤ ይህ ማረጋገጫ «ፕሮቴስት» ይባላል። ከዚያ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ ክስ። ቀላል ነው፣ አራት እርምጃ ነው ብዬ ለልብስ ሰፊዋ አረጋገጥኩላት።

የመጀመሪያውን እርምጃ አብረን ፈጸምን። ሱቁ ሄደን ወረቀቱን ዘረጋሁለት። «ዋቅኒ ሲን ሃ ኤቢሱ» ብሎ ባረከን፤ ሻይ አዘዘልን፤ አልከፈለንም። ለሁለተኛው እርምጃ ብቻዬን ሰነድ ወደሚረጋገጥበት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። በሩ ላይ ጥበቃው ምን ፈልገው ነው አለኝ። ፕሮቴስት ለማድረግ ነው አልኩት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። ስንት ሰዎች ናችሁ፣ ሰልፉ የት ነው፣ ፈቃድ አላችሁ ወይ እያለ ጥያቄ አዥጎደጎደብኝ። በዚህ ዘመን በዚህ አገር የማይቀለድበት ቃል እንዳለ ያኔ ገባኝ። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ያውም ጉልበቴን ያመኛል፣ የምን ሰልፍ ነው አልኩት። ውስጥ ያሉት ጸሐፊዎችም ቃሉን ሰምተው አያውቁም፤ አለቃቸው እስኪመጣ ጠብቂ ተብዬ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። አለቃውም አያውቀውም።

በአራተኛው ቀን ተናድጄ ገባሁና ለልብስ ሰፊዋ ሳልቀመጥ፣ እንግዲህ የግድ ፕሮቴስት መሆን አለበት አልኳት። ማሽኗን አቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ። ተነሥታ አቅፋኝ አሥር ዓመት ስትጸልይልኝ እንደኖረች፣ ጌታ ጸሎቷን እንደሰማ፣ እሑድ ራሷ ይዛኝ እንደምትሄድ ነገረችኝ። ፕሮቴስታንት ልሆን መስሏት ነው። ስለ ወረቀቱ ነው ብዬ ሳስረዳት ገንዘቡ ከጠፋበት ቀን ይልቅ አዘነች። 

ከዚህ በኋላ ነጻ የሕግ ምክር ወደሚሰጥ አንድ ወጣት ሄድን። ወጣቱ አቤቱታዬን ጨዋ ሆኖ ከሰማ በኋላ ፕሮቴስቱ እንደማያስፈልገን ነገረኝ። ፕሮቴስት የሚያስፈልገው ሰነዱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍና በመሐል የፈረሙትን ሰዎች ለመጠየቅ ሲሆን ነው፤ ፈራሚውን ራሱን ያለ ፕሮቴስት መክሰስ ይቻላል። ለካ ገጹን እስከ መጨረሻው አላነበብኩትም ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ የለቀምኩት ግን የሰው ጊዜ ነበር። ጨርቅ ነጋዴው በሳምንት ሁለቴ እየመጣ ኦቨርሎኩን ሲያየው፣ ሲነካው፣ ቁልፉን ሲሞክረው እየተመለከትን ነበር የምንውለው።

ወጣቱ ማስጠንቀቂያ ጻፈልን፤ ቀኑ አለፈ። ክሱን በአጭር ሥነ ሥርዓት እናቀርባለን አለ። ያ ማለት ከሳሽ ሰነዱን ከቃለ መሐላ ጋር ያስገባል፤ ተከሳሹ ደግሞ ልከላከል ብሎ በቃለ መሐላ ካላስፈቀደ በቀር መልስ እንኳ መስጠት አይችልም። አፉን ሊከፍት ፈቃድ ሊለምን ነው! ከደስታዬ የተነሣ ወጣቱን ሁለቴ አስደገምኩት። የቀረን አንድ ነገር ነበር፤ የፍርድ ቤቱ ሥራ በኦሮምኛ ስለሆነ ወረቀቱ መተርጎም አለበት። እኔ ኦሮምኛ ከገበያ እስከ ለቅሶ እናገራለሁ፤ በቁቤ ሲጻፍ ግን እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል እየቆጠርኩ ነው የማነበው። ተርጓሚው የእኔን ውብ ዐረፍተ ነገር ወስዶ «ዮ ዋቅኒ ሀየሜ» ብሎ ገለበጠው። ዋቅኒ እግዚአብሔር ነው፣ ሀየሜ ፈቀደ ነው፣ ዮ ደግሞ «ከሆነ» ነው። እኔ አየሁት፣ ቆጠርኩት፣ ትክክል ነው አልኩ።

በሐምሌ ችሎት ቀረብን። የነጋዴው ጠበቃ ሲገባ ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ባርሲስቱ ኮ» አለኝ፤ መምህሬ ማለቱ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው። የተቀመጥኩበትን ወንበር አስተካከለልኝ፤ ጉልበቴን ጠየቀኝ። ከዚያ ተነሥቶ አረደኝ።

እንዲህ አለ፦ የተስፋ ሰነድ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ለመክፈል የሚሰጥ ቃል ነው። ይህ ወረቀት ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፤ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ይላል፤ በትርጉሙም ዮ ይላል። ደንበኛው አማኝ ሰው ነው፣ ቃሉን ያስቀመጠው በእምነት ነው፣ ፈቃዱ እስካሁን አልመጣለትም። ስለዚህ ሰነዱ የተስፋ ሰነድ አይደለም፣ በአጭር ሥነ ሥርዓትም አይታይም። አክሎም «ቢ» የሁኔታ ምልክት መሆኗን ያስተማሩት እዚህ የተቀመጡት መምህርት እንደሆኑ ለችሎቱ ተናገረ። ዳኛዋ ወደ እኔ አየች። ወረቀቱን አገላብጣ ቀይ ቀለሙ የማን ነው ብላ ጠየቀች። የእኔ ነው አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ።

ዳኛዋ ተከሳሹ እንዲከላከል ፈቀደች፤ ጉዳዩ በመደበኛው ሥርዓት እንዲታይም አዘዘች። ፍርድ ቤቱም ለክረምት ሊዘጋ ስለነበር ቀጠሮው ለጥቅምት ሆነ። ጨርቅ ነጋዴው ጥቅምትን አልጠበቀም። በነሐሴ አንድ ዝናባማ ጠዋት በባጃጅ መጥቶ ኦቨርሎኩን ወሰደ። ልብስ ሰፊዋ ማልበሻውን ጨርቅ አጥፋ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨርቅ ጠርዝ በእጇ በመርፌ ትጠቀልል ጀመር። ከክፍሌ ዝማሬዋ አይሰማም ነበር። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን ሰብሬ ጣልኩት፤ ምንም አልጠቀመም፤ ግን ሰበርኩት።

መስከረም ላይ ከኳየሩ አንዷ ልጅ እጅጌዋ ሚስማር ይዞት ተቀዶ ልታሰፋ መጣች። ወረፋ ስትጠብቅ ስልኳ ላይ ልብሱ የተመረቀበትን የገና ፕሮግራም ከፍታ ታሳየን ጀመር። መዘምራኑ ተሰልፈዋል፣ ወይን ጠጁ ያበራል። ነጋዴው ማይክራፎን ይዟል። ልብስ ሰፊዋ የምታየው ስፌቱን ነበር። እኔ ግን ድምፁን ሰማሁ። «ዋቅኒ ናፍ ሀየሜ» አለ፤ እግዚአብሔር ፈቀደልኝ። ቀጠለና ሙሉ ዋጋውን ከፍዬ እነዚህን ልጆች አለበስኩ አለ። አሜን ተባለ።

ልጅቷን ወደ ኋላ መልሺው አልኳት። መለሰችው። ተርጓሚው የጻፈው ቃል ራሱ ነው፤ ሀየሜ። ያቺ ዮ ብቻ የለችም። ሁኔታ የሚባል ነገር የለበትም፤ ጥርት ያለ ኃላፊ ጊዜ ነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከመቀመጫዬ ስነሣ ጉልበቴን ያመኝ እንደሆን እንኳ አላስታውስም።

በጥቅምት ወጣቱ አማካሪያችን ቪዲዮውን በማስረጃ አቀረበ፤ በምስክርነት ደግሞ አርባውንም መዘምራን ቆጠረ። ከሽማግሌዎቹም ሁለቱ ተጠርተው መጥተው ነበር። ዳኛዋ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየችው። ጠበቃው ተነሥቶ በመድረክ የሚነገር የምስጋና ቃል ሕጋዊ ውጤት እንደሌለው ሊያስረዳ ሞከረ። ዳኛዋ በእጇ አስቀመጠችው፣ ነጋዴውንም ይቁሙ አለችው።

«በቤተ ክርስቲያን የተናገሩት እውነት ነበር?» አለችው።

 እውነት ነው ካለ በሐምሌ አልመጣም ያለው ፈቃድ በገና መጥቶ ነበር ማለት ነው፣ ይከፍላል። ውሸት ነው ካለ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከኋላው ተቀምጠዋል። ሰውዬው ዞሮ አያቸው። አንደኛው ሽማግሌ መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር። ነጋዴው ከጠበቃዬ ጋር ልማከር ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ወጥተው ሲመለሱ በእርቅ ለመጨረስ ፈቃደኛ ነው ተባለ፤ ገንዘቡን በሦስት ጊዜ ሊከፍል፣ ቀኖቹ ተቆርጠው፣ ስምምነቱ በፍርድ ቤቱ ሊጸድቅ። ያንን ወረቀት እኔ አልጻፍኩትም።

በር ላይ ተማሪዬ ጨበጠኝ። «ቢ»ን ብቻ ሳይሆን ኃላፊ ጊዜንም ያስተማርኩት እኔ እንደሆንኩ ነገረኝ። ያን ቀን ከክፍል ቀሪ ነበርክ አልኩት። ሳቀ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ግን ሳልቆጣው በመቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በቀጣዩ እሑድ ነጋዴው መድረክ ወጥቶ መሰከረ። ጠላት በፍርድ ቤት ሊያዋርደው እንደ ተነሣ፣ ጌታ ግን በሰላም እንዳወጣው ተናገረ። ይህን የነገረችኝ ልብስ ሰፊዋ ናት። ሕዝቡ አጨበጨበለት ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አጨበጨበ አለች። አንቺስ? እኔም አጨበጨብኩ አለችኝ።  ለምን ብዬ ልጮህባት ስል፣ እጃቸውን ሲያነሡ እጅጌዎቹን እያየሁ ነበር፣ አንዱም አልተተረተረም አለችኝ። 

የመጀመሪያውን ክፍያ እንደ ተቀበለች ኦቨርሎኩን ፍለጋ ወጣን። ጨርቅ ነጋዴው ሲሬ ላለ አንድ ልብስ ሰፊ ሸጦት ነበር። በሚኒባስ ሄድን። ሲሬ መናኸሪያው አጠገብ ካለ ጠባብ ሱቅ አገኘነው፤ ማሽኑ አቧራ ለብሶ ቆሟል። ሰውዬው ከገዛበት አስበልጦ ጠራ። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ የዋጋውን ግማሽ ዛሬ ተቀብሎ ግማሹን በወሩ ልትከፍለው ተስማማ። ግን በወረቀት ይሁን አለ።

ወረቀቱ እንደ ልማድ ወደ እኔ ዞረ። እስክሪብቶ ሳወጣ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። አሁን ባለዕዳዋ እሷ ናት። ያቺ እኔን ያዋረደችኝ ሐረግ ለዚህች ሴት ጋሻ ትሆናለች። ነጋዴው ሁለተኛውን ክፍያ ቢያዘገይባት፣ ይህ ሰው ማሽኑን ሊነጥቃት ቢመጣ፣ ማምለጫ ይኖራታል። ሕግ ተምሬአለሁ አልኩ በልቤ። ፊቴን ሳልለውጥ፣ ቆንጆ አድርጌ፣ «ሔ»ዋንም አስተካክዬ፣ ቀሪውን ገንዘብ እግዚአብሔር ቢፈቅድ እከፍላለሁ ብዬ ጻፍኩና ፈርሚ ብዬ ገፋሁላት።

ልብስ ሰፊዋ አልፈረመችም። ወረቀቱን አነሣችና ቃል በቃል፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ጣቷ «ቢፈቅድ» ላይ ሲደርስ ቆመ።  ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ መለሰችው።

«እግዚአብሔርን ከዚህ ያውጡልኝ፣ ባርሲስቱ» አለችኝ። «ቀኑን ይጻፉ። የምከፍለው እኔ ነኝ።»